በተርኒፑ ማሳ የቀረው ቱቦ

ሽማግሌው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት፣ ለከብት መኖ የሚሆን ሥራ ሥር በተዘራበት በተርኒፑ ማሳ ጫፍ፣ ከሲሚንቶው የውሃ ገንዳ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ኮፍያቸው ገንዳው ውስጥ ይንሳፈፋል። ከራሳቸው በስተኋላ የእንቁላል ያህል እብጠት ነበረባቸው። በቀኝ ጭናቸው ውስጠኛ በኩል ደግሞ የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን የብረት ቱቦ ተሰክታ ቀርታለች። ደማቸው በእሷ በኩል ወርዶ አልቆ፣ ሥራቸው ያለውን አፈርና ቅጠል አጥቁሮታል።

ቱቦዋን በዚያ እርሻ የማያውቃት የለም። «መብሻ» የሚሉት መሣሪያ ግማሽ ናት። የላም ሆድ በጋዝ ተነፍቶ ትንፋሽ ሲያሳጣት፣ ሹል ብረት ከነቱቦው በግራ ጎኗ ይሰካል። ከዚያ ሹሉ ይነቀልና ቱቦው እዚያው ይቀራል፤ ጋዙም በቱቦው እየተነፈሰ ይወጣል። በሽማግሌው ጭን ውስጥ ቱቦው አለ፤ ሹሉ ግን የለም።

ለጣቢያው አዛዥ ነገሩ ግልጽ ነበር። ከሳምንት በፊት ከከተማ የመጣው የሽማግሌው ወንድ ልጅ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአባቱ ጋር ተጨቃጭቋል። መብሻውን ከማለቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ አውርዶ ፊታቸው ላይ እያወዛወዘ ሲጮህ አላቢው ሰምቷል። ስለዚህ ልጁ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ታሰረ፤ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ወደ ከተማው ማረፊያ ቤት ሊላክ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ከአዛዡ እጅ ይወጣል። አዛዡ ግን ፍትሐዊ ሰው ነበርና፣ አንድ ነገር ከንክኖት ከከተማ መርማሪ አስጠራ።

መርማሪዋ ረቡዕ ጠዋት ደረሰች። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምትይዝ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እማማ ለምን» ይሏታል። የመጀመሪያ ጥያቄዋም ያው ነበር።

«ገዳዩ ሹሉን ለምን ወሰደው?»

«ማስረጃ ለማጥፋት ነዋ» አለ አዛዡ።

«ታዲያ ቱቦውን ለምን ተወው?»

አዛዡ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። የከነከነው ነገር ይኸው ነበር፤ ቃል አላገኘለትም እንጂ።

በክሊኒኩ አስከሬኑን አየች። ሐኪሟ የጭንቅላቱ ምት ራስን የሚያስት እንጂ የሚገድል አለመሆኑን፣ የገደላቸው የደም መፍሰስ መሆኑን ነገረቻት። መርማሪዋ ግን ብዙ የቆየችው ቀኝ እጃቸው ላይ ነው። ከአይበሉባቸው በላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ሰንበር አለ፤ በተላጠው ቆዳ ውስጥ ጭቃና የተፈጨ አረንጓዴ ቅጠል ገብቶበታል። ኮታቸውን አገላብጣ ስታይ ኪሱ ቡናማ ሆኗል። ውስጡ ክዳኑ የላላ የአዮዲን ጠርሙስ ነበር።

ወደ ማሳው የመራቻት የሽማግሌው ትልቋ ልጅ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እናትየው ከሞቱ ወዲህ አባቷን ይዛ በዚያ ቤት የቀረችው እሷ ነበረች። ፊቷ አብጧል፤ ከትናንት ጀምሮ ልብስ አልቀየረችም። መርማሪዋ ስለ ከብት ምንም እንደማታውቅ ነግራት፣ እንድታስተምራት ለመነቻት። ልጅቱ ስለ ሥራው ስትናገር ድምጿ ትንሽ ነፍስ ዘራ።

«ዋናው ሰብል ሲነሳ መሬቱ ራቁቱን እንዳይከርም ተርኒፕና አጃ እንዘራበታለን። የተርኒፑ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፤ ከአሸዋ ቀላቅለን ነው የምንበትነው። ቅጠሉም ሥሩም ለላም ይሆናል። ግን ላሞቹን ሙሉ ማሳው ላይ ባንዴ ከለቀቅናቸው ከሚበሉት የሚረግጡት ይበልጣል። ስለዚህ ሽቦ ወጥረን በየጠዋቱ ዐሥር እርምጃ ወደፊት እናዛውረዋለን።»

«ማን ነው የሚያዛውረው?»

«አባዬ» አለች፤ ቆየት ብላም «ያዛውር ነበር» ብላ አረመችው።

ከስድስት ዓመት በፊት ጎረቤቶች እንደሳቁባቸው፣ ከዚያ አፈሩ እየጠቆረ እየለሰለሰ ሲመጣ አንድ በአንድ ዘር ሊለምኑ እንደመጡ ነገረቻት። አባቷ ከዚያ ማሳ ከአንድ ቀን በላይ ርቀው አያውቁም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኗል። ወንድሟ የመጣው ወደ ከተማ ሊወስዳቸው ነበር።

«ዘሩን ከዘራችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት ወር አለፈው።»

መርማሪዋ የልጅቱን ሹራብ አየት አድርጋ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ከቀኝ ክርኗ እስከ አንጓዋ ድረስ፣ በሱፉ ውስጥ ደቃቅ ድቡልቡል ፍሬዎች ተጣብቀው ነበር።

ላሞቹ አስከሬኑ እንደተገኘ ተነድተው ስለወጡ፣ የማክሰኞው ዐሥር እርምጃ አብዛኛው ከነቅጠሉ ቆሞ ነበር። ሽቦው በሥርዓት ተዛውሯል፤ ሽማግሌው ከመሞታቸው በፊት የጠዋት ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። መርማሪዋ በገንዳው ዙሪያ ጎንበስ ብላ ስትዞር፣ ከገንዳው ጀርባ አንዲት ትንሽ ተርኒፕ ወድቃ አየች። ከሕፃን ቡጢ አትበልጥም። ቅጠሏ ተቆርጧል፤ ላይዋ ላይ የጥርስ ጭረት አለ፤ ዙሪያዋን የደረቀ ነጭ ልጋግ ለብሳለች። አንስታ በመሐረቧ ጠቀለለቻት። ልጅቱ ይህን አላየችም፤ አባቷ የወደቁበትን ቦታ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር።

አላቢው በበረቱ ነበር። ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፤ ላሞቹን በሰልፍ ስለሚነዳ ግን ሁሉም «ሻምበል» ይለዋል። እሱም ማዕረጉን ወዶ ተቀብሎታል።

«የእርስዎ ፖሊሶች እዚህ መጥተው ቢሠለጥኑ ጥሩ ነበር» አላት። «ላሞቼ ቢያንስ ግራና ቀኛቸውን ያውቃሉ።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። ሻምበልም ፈገግታዋን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቀልዱ ከአፉ የወጣው በልማድ እንጂ በልቡ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ምን እንደሠራ ስትጠይቀው በፍጥነት ዘረዘረላት። ላሞቹን አልቦ፣ ድርቆሽ አብልቶ፣ ወደ ማሳው ለቅቆ ወተቱን ሊያስረክብ ሄዷል። ድርቆሹ ለምን እንደሚያስፈልግም አስረዳት፤ ላም በባዶ ሆዷ ተርኒፕ ውስጥ ከገባች ተስገብግባ ሳታኝክ ትውጣለች። ስለ መብሻው ስትጠይቀው ፊቱን አኮማተረ። እሱ ብረት አይወድም። ላም ሲነፋት ዳገት ላይ ያስሮጣታል እንጂ አይወጋም። የሚወጉት ሽማግሌውና ሴት ልጃቸው ናቸው።

«በየቀኑ አንድ እስር ድርቆሽ ነው የምትፈታው?»

«አንድ እስር። ሲባጎውን እዚህ ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ፤ እሁድ እሁድ ሰብስቤ አነሳዋለሁ።»

ቀኑ ረቡዕ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። መርማሪዋ ቀና ብላ ሚስማሩን አየች። የተንጠለጠለው ሁለት ሲባጎ ነበር። ሻምበልም ዓይኗን ተከትሎ አየና ፊቱን ወደ ላሞቹ መለሰ።

ከመሄዷ በፊት በላሞቹ መካከል ቀስ ብላ አለፈች። ሃያ ሁለት ናቸው። አንዷ ቡሬ ላም በግራ ጎኗ፣ ከዳሌዋ አጥንት ፊት ለፊት፣ በነጩ ጠጉሯ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነገር ነበራት። ሻምበል ጭቃ ነው አላት። መርማሪዋ ጣቷን በምራቋ አርጥባ አሸችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የክሊኒክ ሽታ ሸተታት።

የከብት ሐኪሙን ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ነው። በአካባቢው የሚፈራ ሰው ነው። የሞተች ላም አጠገብ ቆሞ ባለቤቷን «የገደልካት አንተ ነህ» ብሎ የሚናገር፣ ለባልቴት እንኳ ቃል የማያለዝብ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ «አላውቅም» ሲል የሰማው የለም። ማክሰኞ ጠዋት በሌላ እርሻ ጥጃ ሲያዋልድ ነበር፤ ሦስት ሰዎች መስክረውለታል። ሦስት ሰዓት ላይ ተጠርቶ መጥቶ ላሞቹን ሁሉ መርምሯል፤ ሆዷ የተነፋ አንዲትም አላገኘም። አዛዡ የአደጋን ሐሳብ የተወውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚወጋ ላም ከሌለ፣ መብሻ የያዘው እጅ የገዳይ ነው።

«ሆዷ የተነፋ ላም ሳትወጋ ትድናለች?» ስትል ጠየቀችው።

«መንስኤው ከተወገደ ለምን አትድንም? ጉሮሮዋን የዘጋ ነገር ካለ፣ እሱ ሲወጣ ታገሳዋለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምንም እንዳልነበረባት ሆና ትግጣለች።» ይህን ብሎ ድንገት አገጩን ጨበጠ። ራሱ የተናገረው ነገር፣ ማክሰኞ «የተነፋ ላም የለም» ወዳለው ወደ ራሱ እየተመለሰ ነበር።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሹሉ ከጭናቸው ባይነቀል ኖሮስ?»

«ሹሉ ውታፍ ነው» አለ ሐኪሙ፣ እንደ ልማዱ ፍርጥም ብሎ። «ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ያቆያቸው ነበር። ሹሉን ነቅሎ ቱቦውን መተው ማለት ቧንቧ መክፈት ነው።»

በመጨረሻ ወደ ጣቢያው ሄደች። ወንድ ልጁ በጠባቧ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ቀኝ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ግራው በቀናት ጺም ተሸፍኗል። ከእርሻው ከመውጣቷ በፊት እዚያ የሚያድርበትን ክፍል አይታ ነበር። መስተዋቱ በማሳው በር ትይዩ ባለው መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የደረቀ ሳሙና ያለበት ምላጭ ተቀምጧል።

አባቱን ገድሎ እንደሆነ አልጠየቀችውም። መብሻውን ሰኞ ዕለት ለምን እንዳወረደው ጠየቀችው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለት እንዳይዙ ብሎ እንደሆነ፣ አባቱ ግን ቀስ ብለው ከእጁ ተቀብለው መልሰው እንደሰቀሉት፣ ከዚያም «እራት ቀርቧል» እንዳሉት ነገራት።

«ማክሰኞ ስትላጭ በመስኮቱ ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ማንን አየህ ልበልህ?»

«እትዬ፣ ምንም አላየሁም አልኩዎት። ከፈለጋችሁ ወደ ከተማ ላኩኝ።»

እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ፍርሃት ለራሱ እንዳልነበረ ለማወቅ ሠላሳ ዓመት መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ልጁ ከሚላክበት ሰዓት በፊት፣ ሁሉም በማለቢያው ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቱ በወተት ማሰሮዎቹ አጠገብ ቆመች። ሻምበል በሩ ላይ ተደገፈ። ሐኪሙ እጁን አጣጥፏል። ወንድምየው በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ገባ። እህቱ አየችውና አንገቷን ደፋች። መርማሪዋ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ቆማ እንድትናገር አልፈቀደላትም።

«ነገሩ የሚጀምረው ከድርቆሽ ነው» አለች። «ሻምበል፣ ማክሰኞ ጠዋት ድርቆሽ አላበላህም።»

ሻምበል ለመካድ አልሞከረም። አርፍዶ ነበር፤ ወተት ጫኙ መኪና እየጠበቀው ነበር፤ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል ብሏል። ያንን ሁለት ቀን ሙሉ በሆዱ ይዞ እንደከረመ ተናግሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መርማሪዋ አልወቀሰችውም፤ ቀጠለች። የራባቸው ላሞች ሽቦው ሲከፈት ተስገብግበው ገቡ። ቡሬዋ አንዲት ትንሽ ተርኒፕ ሳታኝክ ዋጠች፤ ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ጋዙ መውጫ አጥቶ ሆዷ ተነፋ። ሽማግሌው አዩ፤ የሚረዳቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። መብሻውን ከዚህ ግድግዳ ወሰዱ፤ ቡሬዋን ገንዳው አጠገብ አቁመው ግራ ጎኗን አዮዲን ቀቡ። ቀለሙ አሁንም ላሟ ላይ አለ፤ ጠርሙሱም ኪሳቸው ውስጥ ፈሷል። በግራ እጃቸው የሚወጋውን ቦታ ይዳስሳሉ። መብሻው በሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጃቸው፣ ከጭናቸው አጠገብ ነው።

«ላሟ ረገጠች» አለች። «የሰኮናዋ ቅርጽ ከነጭቃው በእጃቸው ላይ አለ። ምቱ መብሻውን ወደ ጭናቸው ሰካው፤ እሳቸውንም ወደ ኋላ ጥሎ ራሳቸውን ከገንዳው ጋር አላተማቸው። ራሳቸውን ሳቱ። ላሟም በዚያው ተንደርድራ ስትስል ይህን ተፋችው።» መሐረቧን ፈታች። ልጋጓ የደረቀው ተርኒፕ በመዳፏ ላይ ነበረች። «ከዚያ አግስታ ልትግጥ ሄደች። ሐኪሙ ሲመጣ የታመመ ላም ያላገኘው ለዚህ ነው። እስካሁን ማንም ሰው ማንንም አልገደለም።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ፤ እሷም ወደ እሱ። በሁለቱም ፊት ላይ የነበረው ግርምት አንድ ዓይነት ነበር።

«ሹሉስ?» አለ አዛዡ።

«መግደል የፈለገ ሰው መሣሪያውን ወይ ሙሉውን ይወስዳል፣ ወይ ሙሉውን ይተወዋል። ሹሉን ነቅሎ ቱቦውን የሚተው፣ እጁ ያንን ሺህ ጊዜ የሠራ ሰው ብቻ ነው። ሻምበል ብረት አይነካም። ይህ ልጅ በሕይወቱ ላም ወግቶ አያውቅም። ሐኪሙ ሌላ ቦታ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ከዘራችሁ ሦስት ወር አልፏል፤ ሹራብሽ ላይ ያለው ዘር ግን ማክሰኞ የተጣበቀ ነው። ደሙን ታጥበሽ፣ እጅጌሽ እንደረጠበ ክንድሽን እስከ ክርንሽ የዘር በርሜል ውስጥ ከትተሻል።»

ልጅቱ ወደ ጥግ ሄዳ የበርሜሉን ክዳን አነሳች። እጇን በደቃቁ ዘር ውስጥ አስገብታ ሹሉን አወጣችና በሁለት እጇ ለአዛዡ ሰጠችው። ከዚያ ለሁሉም ሳይሆን ለወንድሟ ተናገረች።

«አንተ መስለኸኝ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ይዘኸው አይቼህ። ስደርስ አባዬ ወድቋል፤ ይተነፍሳል። እንደ ላሟ… እጄ ነው የነቀለው። ሳላስበው። ከዚያ አሻራህ ይገኝበታል ብዬ ደበቅኩት።»

«እኔ ደግሞ» አለ ወንድሟ፣ «በመስኮት ሳይሽ፣ አንዳች ነገር በሹራብሽ ጠቅልለሽ እየሮጥሽ… ዐሥር ዓመት አባዬን ብቻሽን ጦርሻቸው። መረራት ብዬ አሰብኩ። ይቅር በይኝ።»

አዛዡ ማስረጃ መደበቅ ወንጀል መሆኑን አነሳ። መርማሪዋም ሁሉም እንደሆነው በመዝገቡ እንደሚጻፍ፣ ዳኛም አይቶ እንደሚፈርድ ነገረችው። የልጁን እጅ ግን አሁኑኑ እንዲፈቱ አዘዘች። ተፈታ። ወደ እህቱ ሊሄድ ሲል እሷ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ፊቷ ነጥቶ ነበር። በልጅነቷ ከአባቷ የተማረችው የሥራው ሕግ፣ ቱቦው ለምን እንደሚተው፣ ምን እንደሚያወጣ፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ራሷ ዞሮ መጣባት።

«ሐኪም» አለች። «ባልነቅለው ኖሮስ?»

መርማሪዋ ባልዲው ላይ እንዳለች ቀና አለች። ያንን ጥያቄ ማንም እንዳያነሳው ነበር ነገሩን በጥንቃቄ የገመደችው። ሻምበል ከግድግዳው ዞረ። ሐኪሙ የታጠፈ እጁን ፈታ። የሞተች ላም ባለቤት ፊት «አንተ ነህ» የሚለው ሰው፣ ልጅቱን አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

«እኔ የላም ሐኪም ነኝ» አለ። «የሰው አላውቅም።»

ልጅቱ ረጅም ጊዜ አየችው። አመነችው ለማለት ያስቸግራል። ራሷን ግን አንድ ጊዜ ነቀነቀች፤ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው።

ውጭ ላሞቹ ይጮኻሉ። ሻምበል አንድ እስር ድርቆሽ ፈትቶ አቀረበላቸውና ሲባጎውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ስትሄድ በማሳው በር በኩል አለፈች። የሽማግሌው ዐሥር እርምጃ ከማክሰኞ ወዲህ ሳይነካ ቆሟል፤ ከእሱ ወዲያ አረንጓዴው ማሳ እስከ አጥሩ ይዘልቃል። ወንድምና እህት የሽቦውን ሁለት ጫፍ ይዘው ቆመዋል። እሱ ካስማውን ከየት እንደሚነቅል፣ የት እንደሚተክል አያውቅም፤ እሷ እየነገረችው ነው። ድምጿ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እርምጃውን ትቆጥርለታለች። ሰባት ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቋረጠ። እሱም አንድ እግሩን አንስቶ፣ ስምንት እስክትል ጠበቃት።